ከጋሪው የወረደች ዕለት

ኬኔ ኢዶሳ ከባጃጅ የምትወርደው ሁልጊዜ ከቤቷ ሁለት ቅያስ ቀደም ብላ ነው። ዝናብ ቢሆንም ያው ነው። የነቀምቴ ዝናብ ደግሞ በጠብታ አይመጣም፣ በባልዲ ነው። እሷ ግን «ወራጅ አለ!» ትልና የልብስ ስፌት ቦርሳዋን አናቷ ላይ ደፍታ፣ ጭቃውን እየዘለለች ትሄዳለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቤትሽ እግር አለው እንዴ? በየቀኑ ይሸሻል» ይላታል ባለባጃጁ ታረቀኝ።

«ቤቴ አይሸሽም፣ አንተ ነህ ፍሬን የማትይዘው።»

«በር ድረስ ባደርስሽ ምን ይጎድልብሻል?»

«ክብሬ!»

ትስቃለች። እሱም ይስቃል። ሆዷ ግን አይስቅም።

ምክንያቱም ሁለት ቅያስ አለፍ ብሎ ባለው የቆርቆሮ አጥር ላይ፣ በቀይ ቀለም «ኢዶሳ ጋሪ ሥራ» ተብሎ ተጽፏል። «ሥራ» የሚለው ቦታ አጥሮት ወደ ታች ታጥፏል። ከውስጥ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ይጮሃል። በሩ ላይ ያረጀ ጎማ፣ የተጣመመ ቸርኬ፣ የደንበኛ ፈረስ፣ የፈረሱም ፋንድያ፣ ሁሉም ተሰልፎ እንግዳ ይቀበላል። ያ ነው የአባቷ ቤት።

ነገሩ የተጀመረው ከአራት ወር በፊት ነው። ኬኔ ሃያ ዓመቷ ነው፤ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትታ ስፌት ትማራለች። አንድ ከሰዓት ከስፌት ቤት ስትወጣ ዝናብ ያዛትና አንድ ባጃጅ ቆመላት። ከኋላ ሦስት እናቶች ከነዶሯቸው ታጭቀዋል።

«ግቢ፣ ቦታ አለ» አላት ሹፌሩ።

«የት? ዶሮው ላይ?»

«እዚህ አጠገቤ። ዶሮው እንኳ አልፈራኝም።»

ገባች። ትከሻዋ ትከሻውን ነካው። በመስታወቱ ሲያያት ያዘችው፤ እሱም ስትይዘው አየ። ሁለቱም ዐይናቸውን ወደ መንገድ መለሱ፣ ትንሽ ቆይተው እንደገና መስታወቱ ላይ ተገናኙ። ከኋላ ካሉት ባለዶሮ እናቶች አንዷ ቻሉ ቻሉና፣ «ልጄ፣ ማሎ፣ እባክህ፣ መንገዱ ያለው ከፊትህ ነው!» አሉት። ባጃጁ በሳቅ ተናወጠ። ኬኔ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ታረቀኝ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከኪራሙ ነው፤ አገሩ የተረበሸ ጊዜ ከእናቱ ከእማማ ሸዋጌጥ ጋር ወጥቶ ነቀምቴ ገባ። የሚነዳው የሰው ባጃጅ ነው። አማርኛው የጎጃም ለዛ አለው፣ ኦሮምኛውም የማንንም አይደለም፣ የራሱ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ኬኔ ከስፌት በወጣች ቁጥር በአጋጣሚ እዚያው ሰፈር ይገኛል። አራት ወር ሙሉ በአጋጣሚ።

በሦስተኛው ሳምንት ነው የጠየቃት። «አባትሽ ምን ይሠራል?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። «ተሽከርካሪ ይገጣጥማል» አለች።

ታረቀኝ መሪውን ጠበቅ አደረገ። «ፋብሪካ አለው?»

«ትንሽ ናት።»

«ስንት ሠራተኛ አለው?»

«ቤተሰብ ነን።»

ጋሪም ጎማ አለው፣ ጋሪም ይሽከረከራል፣ ምኑ ነው ውሸቱ? እያለች ራሷን ስታጽናና ቤቷ ደረሰች። ታረቀኝ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ባጃጁን ሳያጥብ፣ ሸሚዙን ሳይተኩስ አይመጣም ነበር። ንግግሩም ቀነሰ። ኬኔ ይህን ስታይ ደስ አላት። ለምን እንደቀነሰ ግን አላሰበችም።

እኔ ነኝ ያለች ልጅ በአባቷ ሥራ አታፍርም ትላላችሁ። ኬኔም ልጅ ሆና አታፍርም ነበር። ይልቁንም ትኮራበት ነበር።

ኦቦ ኢዶሳ ቤት አንድ ደንብ አለ፣ ከአባታቸው የወረሱት። አዲስ ጋሪ ሲያልቅ መጀመሪያ የሚጫንበት ጆንያ አይደለም፣ የሠሪው ቤተሰብ ነው። ገዢው ፈረሱን ጠምዶ ልጓሙን ይይዛል፤ ኦቦ ኢዶሳ ሚስታቸውን አዴ ድርቤንና ልጃቸውን ይዘው ከላይ ይወጣሉ፤ እስከ እህል ተራ ያለውን ቁልቁለት ወርደው፣ ዳገቱን ወጥተው ይመለሳሉ። «ልጄን የማልጭንበት ጋሪ ላይ የሰው እህል አይጫንም» ይላሉ። የጉቶ ጊዳ ገበሬም የአርጆ ነጋዴም ሌላውን ጋሪ ሠሪ ሁሉ አልፎ እሳቸው ጋ የሚመጣው ለዚህች ደንብ ሲል ነው።

ሌላው ደግሞ የኬኔ ጆሮ ነው። ኦቦ ኢዶሳ ጎማውን አንጠልጥለው ያሽከረክሩታል፤ እሷ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። «አባ፣ ይሄ ኩሽኔታ አሸዋ በልቷል» ትላለች። ሲፈታ በእርግጥም በልቷል። አንድ ቀን ተሳስታ አታውቅም። ገበሬዎቹም «የኢዶሳ ልጅ ሰምታዋለች?» ሳይሉ ጋሪ አይነኩም።

አንድ ቅዳሜ ያለቀው የኦቦ ገቢሳ ጋሪ ነበር። ኦቦ ገቢሳ ከጉቶ ጊዳ በቆሎ የሚያመጡ፣ ድምፃቸው ከፈረሳቸው የሚበልጥ ሰው ናቸው።

«አባ፣ ዛሬ ሆዴን አሞኛል» አለች ኬኔ።

«ጋሪው ያሽልሻል። ነይ ውጪ።»

«ጸጉሬን እንኳ አልተሠራሁም...»

«ፈረሱም አልተሠራም» አሉ ኦቦ ገቢሳ። «ውጪ!»

ወጣች። አዴ ድርቤ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላቸውን ዘርግተው እንደ ሙሽራ እናት ተቀመጡ። ኦቦ ኢዶሳ ከኋላ እግራቸውን አንጠልጥለው የሚያውቁትን ሁሉ ሰላም ይላሉ፤ የማያውቁት ደግሞ የለም። ጋሪው እንደ ቅቤ ይሄዳል፣ ኩሽኔታው ትንፍሽ አይልም። ኬኔ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ስባ፣ በዚህ ሰዓት ባጃጆቹ መናኸሪያ ናቸው፣ መናኸሪያ ናቸው እያለች ትጸልያለች።

መናኸሪያ አልነበሩም። ከቁልቁለቱ ግርጌ አስፋልቱ ዳር ተሰልፈዋል። ሦስተኛው ላይ ታረቀኝ ቆሞ መስታወት ይወለውላል። ቀና አለ። አያት። ፊቱ በራ፣ እጁንም አነሳ።

እግሯ ነው የወሰነው፣ እሷ አይደለችም። ከሚሄደው ጋሪ ዘላ ወረደች፣ ጎመን ከሚሸጡ ሴቶች መሐል ገብታ ቁጢጥ አለች፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ጎመን ትመርጥ ጀመር።

«አንቺ፣» አለች ባለጎመኗ፣ «ከጋሪ የምትዘይው ለኔ ጎመን ነው? ተባረኪ።»

ቀስ ብላ ዞር ስትል የታረቀኝ እጅ አሁንም አየር ላይ ነበር። ከዚያ እጁን አወረደ። ጨርቁን ጠቀለለ። ባጃጁ ውስጥ ገባና ተሰልፎ የሚጠብቀውን ተራ ትቶ ሄደ።

ጋሪው ደግሞ ቆሟል። ኦቦ ገቢሳ ልጓሙን ይዘው ዘወር ብለዋል።

«ኦቦ ኢዶሳ፣ ልጅዎ ለምን ወረደች?»

«እ... ጎመን ፈልጋ ይሆናል።»

«በሚሄድ ጋሪ? ቁልቁለት ላይ?» ድምፃቸው ገበያውን ሁሉ ሰበሰበ። «ሌላ ሰው ቢወርድ ግድ የለኝም። እሷ ጆሮ አላት! የሰማችው ነገር አለ። እርስዎ ልጅዎ የወረደችበትን ጋሪ ነው ለእኔ የሚሰጡኝ?»

ኦቦ ኢዶሳ ወደ ኬኔ አዩ። ቁጣ አልነበረም በዐይናቸው፤ ጥያቄ ነበር። ኬኔ ወደ ጎመኑ አየች።

ኦቦ ገቢሳ ፈረሳቸውን ፈትተው ሄዱ። ጋሪው መንገድ መሐል ቀረ። ኦቦ ኢዶሳ ኮታቸውን አውልቀው ለሚስታቸው ሰጡና በፈረሱ ቦታ ራሳቸው ገቡ። ዳገቱን ጋሪውን እየጎተቱ ወጡት። አዴ ድርቤ ጃንጥላውን አጥፈው ከኋላ ገፉ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ኬኔ ሃያ እርምጃ ርቃ፣ የማትወደውን ጎመን ታቅፋ ተከተለች። ምድር ብትከፈት ትገባ ነበር፤ ምድሪቱ ግን ነቀምቴ ላይ ጠንካራ ናት።

ግቢ ሲደርሱ ኦቦ ኢዶሳ ላባቸውን ጠርገው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምን ሰማሽ?» አሏት።

ይኸው፣ ያኔ ነበር የምትናገረው። አፏን ከፈተች፤ የመጣላት ግን የታረቀኝ እጅ ነበር፣ አየር ላይ የቀረው።

«የግራው ነው የቀኙ?» አሉ አባቷ።

«የ... ግራው» አለች።

«ጎሽ። አንቺ ባትኖሪ ሰው ልገድል ነበር» አሉና ራሷን ሳሟት።

እሑድ ሥራ የለም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ሰው ሁሉ ወሬው ደርሶታል። አንዱ ሽማግሌ እጃቸውን ይዘው፣ «ኦቦ ኢዶሳ፣ አይዞህ፣ ማንም ይሳሳታል» አሏቸው። እሳቸውም «ማንም ይሳሳታል» ብለው መለሱ። ኬኔ የመዝሙር መጽሐፉን ገልብጣ ይዛ ዘመረች።

ሰኞ የግራውን ጎማ ፈቱት። ኩሽኔታውን በናፍጣ አጥበው፣ ፀሐይ ላይ አንጥፈው እያንዳንዷን ድብልብል የብረት ጥይት በጣታቸው እያገላበጡ አዩ። አንድ ጭረት የለም። ማክሰኞ የቀኙን ፈቱ። ረቡዕ ባሌስትራውን አወረዱ። ጣውላውን ነቀሉ። ቡሎኖቹን በሰልፍ ደረደሩ። ጤነኛው ጋሪ እንደ ታረደ በሬ ግቢው ላይ ተዘርግቶ ዋለ፤ ኦቦ ኢዶሳ በመሐሉ ይንበረከካሉ፣ ይነሳሉ፣ እንደገና ይንበረከካሉ።

«እጄ ነው እንግዲህ» አሉ ለአዴ ድርቤ። «ብረት በእጄ ሳልፍበት ይነግረኝ ነበር። አሁን አልነግርህ አለኝ። አርጅቻለሁ መሰለኝ።»

ጋሪ ያዘዘ የአርጆ ነጋዴ ደወለና ትዕዛዙን ተወው። አልተሳደበም፤ «ትንሽ ልቆይ ብዬ ነው» ብቻ አለ። እሱ ይብሳል።

ታረቀኝም ጠፋ። ኬኔ ከስፌት ስትወጣ ሌላ ባጃጅ ይቆማል፣ እሱ አይቆምም። አንድ ጊዜ ሲያልፍ አየችው። ባጃጁ ጭቃ በጭቃ ነው፣ ሸሚዙም አልተተኮሰም። አላያትም። ወይም ያላያት ለመምሰል በጣም ጣረ።

ረቡዕ እራት ላይ ኦቦ ኢዶሳ ጸለዩ። «ጌታ ሆይ፣ ልጄ የሰማችውን እኔም እንድሰማ ጆሮዬን ክፈትልኝ። ያልታየኝን አሳየኝ።»

«አሜን» አሉ አዴ ድርቤ።

«አሜን» አለች ኬኔ። የጠቀለለችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠች።

አዴ ድርቤ ትሪውን ሲያነሱ ትክ ብለው አዩዋት። «አንቺ ልጅ። ከተወለድሽ ጎመን ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?»

«... አላውቅም።»

«እሱን ነው የምለው» አሉና ትሪውን ይዘው ወጡ። እናት እንዲህ ስታደርግ ከዱላ ይከፋል።

ዓርብ ጠዋት ኬኔ ስትነሳ አባቷ ሲጌቶ፣ የብረት መጋዝ፣ ይዘው የጋሪው ብረት ላይ ጎንበስ ብለዋል። የቀረው እሱ ብቻ ነው፤ ኦቦ ኢዶሳ ሁለት ሳምንት የበየዱት፣ ጋሪውን ሁሉ የሚሸከመው አግዳሚ ቱቦላሬ።

«ምን ልታደርግ ነው፣ አባ?»

«ውስጡ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። ቆርጬ ልየው። ከዚህ ሌላ ያላየሁት የለም።» ሲጌቶውን ብረቱ ላይ አደረጉ። «ውስጡም ጤነኛ ከሆነ ግን ኬኔ፣ ይሄን ሥራ እተወዋለሁ። የማላውቀውን ነገር ሠርቼ ሰው ላይ መጫን አልችልም።»

አንድ ጊዜ ሳቡት። ጥርሱ ብረቱ ላይ ጮኸ።

«አባ፣ አትቁረጥ!»

ቀና አሉ።

«ምንም የለበትም። ጋሪው ምንም የለበትም። እኔ ምንም አልሰማሁም።»

«የግራው አላልሽኝም?»

«ዋሸሁ።»

ኦቦ ኢዶሳ ሲጌቶውን እንደያዙ ቀሩ። «ታዲያ ለምን ወረድሽ?»

«ሰው አየኝ።»

«ሰው ሁልጊዜ ያይሻል። በሕፃንነትሽ ካላዩኝ ብለሽ ታለቅሺ ነበር።»

«ይሄኛው...» እንባዋ መጣ። «ይሄኛው አባትሽ ምን ይሠራል ብሎኝ፣ ፋብሪካ አለው ብዬዋለሁ።»

የሲጌቶውን ጥርስ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ጎረቤት ዶሮ ጮኸ፣ ቆመ፣ እንደገና ጮኸ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ በመጨረሻ። «ያፈርሽው በጋሪው ነው በእኔ?»

«በጋሪው» ብትል ይበቃ ነበር። ግን አንድ ሳምንት የዋሸ አፍ ደክሞታል። አንገቷን ደፋች። አባቷም መልሱን ከአንገቷ አነበቡት።

ሲጌቶውን መሬት ላይ አስቀመጡ፣ እንደሚሰበር ዕቃ ቀስ አድርገው። ከዚያ ተንበርክከው ቡሎኖቹን ይሰበስቡ ጀመር። ኬኔም አጠገባቸው ተንበረከከች። ቀኑን ሙሉ ሲገጣጥሙ ዋሉ። «ያዢ»፣ «አጥብቂ»፣ «ሳቢ»፤ ከዚህ ሌላ ቃል አልተነጋገሩም። ሲጨርሱ አባቷ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ነገ እህል ተራ አልሄድም» አሉ። «ሰው ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ? ጋሪው ጤነኛ ነው፣ ልጄ ነች የታመመችው እላለሁ?»

ኬኔ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሲነጋ ሻሿን አሰረች፣ ብቻዋን ቁልቁለቱን ወረደች።

እህል ተራ ሞልቷል። ኦቦ ገቢሳ ከጋሪ ነጂዎች ጋር በቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ባጃጆቹም ከወዲያ ተሰልፈዋል፣ ሾፌሮቹ ሳምቡሳ ይበላሉ። ኬኔ ወደዚያ ላለማየት አንገቷን እንደ ግመል ቀጥ አድርጋ መጣች።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ገቢሳ። እንዴት አደሩ?»

«ነጋ፣ ደኅና ነኝ። ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ከምን ልትዘይ መጣሽ?»

ነጂዎቹ ሳቁ። ኬኔ ሻሿን አጠበቀች። «ጋሪዎ ምንም የለበትም። አባቴ አንድ ሳምንት ሙሉ ፈትቶ አይቶታል። እኔ ምንም አልሰማሁም። የወረድኩት በሌላ ምክንያት ነው።»

«በምን ምክንያት?»

«አፍሬ ነው።»

«በምን?»

«ጋሪ ላይ ተቀምጬ መታየት አፍሬ።»

ኦቦ ገቢሳ ከጆንያው ተነሡ። «አንቺ ጋሪ ላይ ነው ያደግሽው! ዛሬ ማን አዲስ ሰው አይቶሽ ነው የምታፍሪው? ይሄ ነገር አላመንኩትም። አባትሽ ልኮሽ ነው።»

እዚህ ላይ ነበር ጣጣው። ሳትናገር ብትመለስ የአባቷ ስም እዚያው መሬት ላይ ይቀራል። ብትናገር ደግሞ የራሷ። ኬኔ አንድ ጊዜ ዐይኗን ጨፈነች።

«አባቴ አልላከኝም፣ ከቤትም አልወጣም፤ በእኔ ምክንያት ሰው ማየት አፍሯል። የወረድኩት አንድ ልጅ አይቶኝ ነው። የምወደው ልጅ። የጋሪ ሠሪ ልጅ መሆኔን እንዲያውቅ አልፈለግኩም። በአባቴ አፈርኩ። ይኸው ነው። በጋሪው ሳይሆን በአባቴ።»

«ጮክ ብለሽ በይው» አሉ ኦቦ ገቢሳ። «ጋሪው ጤነኛ አይደለም ብዬ ያወራሁት በሹክሹክታ አልነበረም።»

«የኢዶሳ ጋሪ ጤነኛ ነው!» ብላ ጮኸች። ድምጿ ተሰነጠቀ። «የወረድኩት እኔ በሽተኛ ሆኜ ነው!»

«ልጁስ ማነው?» አለ አንዱ ነጂ።

ኬኔን ዐይኗ ከዳት። ወደ ባጃጆቹ ሄደ። የገበያው ዐይን ሁሉ ተከተለው። ሦስተኛው ባጃጅ አጠገብ ታረቀኝ ሳምቡሳ ጎርሶ ቆሟል፤ አላላመጠውም፣ አልዋጠውም፣ ጉንጩ እንደተነፋ ቀርቷል።

ገበያው በፉጨትና በሳቅ ፈነዳ። «ዋጠው እንጂ!» ይላል አንዱ። ባለጎመኗ ደግሞ፣ «ለካ ለጎመኔ አልነበረም!» አለች፣ እውነት ቅር ብሏት።

ኦቦ ገቢሳ አልሳቁም። ፈረሳቸውን ፈቱ። «ነይ ልጄ፣ እኔም ለአባትሽ የምለው አለኝ» ብለው ጥቂት ሄዱና ቆሙ። «ወይም ቆይተሽ ነይ። የሚጠብቅሽ ያለ ይመስለኛል።»

ታረቀኝ ሳምቡሳውን ውጦ መጥቶ ነበር። ጆንያዎቹ ጥግ ቆሙ። እሱ መሬት ያያል፣ እሷ ጫማዋን።

«እኔ በእኔ ያፈርሽ መስሎኝ ነበር» አለ። «ቤተሰብሽ ፊት ባለባጃጅ ሰላም ሲልሽ። ባለፋብሪካ ልጅ ነሽ ብዬ፤ ጋሪውን ልብ እንኳ አላልኩትም። ሳምንቱን ሙሉ ራሴን ስሰድብ ነው የከረምኩት፣ ምን ቤት ነህ አንተ እያልኩ።»

«በአንተ አላፈርኩም።»

«ሰማሁ። በአባትሽ ነው።» ቀና ብሎ አያት፤ ዐይኑ ውስጥ መስታወት ላይ የምታውቀው ሳቅ የለም። «ከኪራሙ ስንወጣ እናቴ መራመድ አትችልም ነበር። በጋሪ ነው ያወጣናት። ባጃጅ አልመጣልንም።»

ኬኔ ቅድም ገበያ ፊት ያፈረችው ሐፍረት ከዚህ ጋር ሲተያይ ጨዋታ ነበር።

«አላወቅኩም» አለች።

«አልጠየቅሽማ። እኔ ስለ ፋብሪካሽ ስጠይቅ ከረምኩ፣ አንቺ ስለ እኔ አንድ ቀን አልጠየቅሽም።» ከኋላው አንድ ተሳፋሪ «ሾፌር!» ብሎ ተጣራ። ታረቀኝ ሊሄድ ዞረ፣ ቆመ፣ መለስ ብሎ አያት። ሄደ።

ኦቦ ገቢሳ ጋሪያቸውን በዚያው ቀን ወሰዱ። ኦቦ ኢዶሳን በግቢያቸው መሐል ይቅርታ ጠየቁ፣ ነጂዎቹ ሁሉ እየሰሙ። የአርጆውም ነጋዴ ሰኞ ደወለ። መዶሻው እንደገና ይጮህ ጀመር። አባቷ ግን ኬኔን እንደ ሠራተኛ ነው የሚያወሯት። «ያዢ።» «አጥብቂ።» ራሷን አይስሟትም።

በአስረኛው ቀን፣ ብረት እየያዘችላቸው፣ ቀና ሳይሉ ጠየቋት። «ያ ልጅ ስሙ ማነው?»

«ታረቀኝ።»

«ታዲያ ታረቀሽ?»

«አልታረቀኝም።»

«እህ» አሉ። ብረቱን ትንሽ ቀጠቀጡ። «እኔ ግን ደክሞኛል፣ ኬኔ። ልጅን ማኩረፍ ከባድ ሥራ ነው። ብረት ይሻላል።» ከዚያ ቅባት በተነካ እጃቸው ራሷን ሳብ አድርገው ሳሟት። ኬኔ እዚያው ብረቱን እንደያዘች አለቀሰች፤ እሳቸውም ያላዩ መስለው መዶሻቸውን ቀጠሉ።

ከገበያው ቀን ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ማለዳ ኬኔ ጎማ ቅባት ስትቀባ የግቢው በር ተንኳኳ። በቆርቆሮው ቀዳዳ ብታይ ታረቀኝ ነው፣ በእግሩ፣ ያለ ባጃጅ፣ ሸሚዙ ተተኩሶ። ኬኔ እጇም ፊቷም ጥቁር ነው። ዐይኗ መሸሸጊያ ፈለገ፤ አንድ ትልቅ ላሜራ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አገኘችና ከኋላው ገባች።

«ኦቦ ኢዶሳ፣ ደኅና አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጋሪ ነው?»

«አይደለም። ታረቀኝ እባላለሁ።»

መዶሻው ቆመ። «አሃ። ባጃጅ።»

«አዎ። ሽማግሌ መላክ ነበር የሚገባኝ፤ እዚህ አገር ዘመድ የለኝም፣ ያለችኝ እናቴ ናት። እሷ ደግሞ ‹መጀመሪያ ራስህ ሄደህ ፊታቸውን አይ› አለችኝ።»

«እናትህ ጨዋ ናት። ልጄን ፈልገህ ነው?»

«አዎ።»

«ልጄ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ታውቃለህ? በአባቷ ያፈረች ልጅ ናት።»

ከላሜራው ጀርባ ኬኔ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ለጠፈች።

«አውቃለሁ» አለ ታረቀኝ። «ለዚህ ነው ሦስት ሳምንት የቆየሁት። ተናድጄባት ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ ሌላውን አሰብኩት። እኔ እሱን ገበያ ፊት ቆሜ ልናገረው እችል ነበር ወይ ብዬ። አልችልም። እሷ ሐፍረቷን ስትናገር እኔ ሳምቡሳ መዋጥ እንኳ አልቻልኩም።»

ከዚያ የኬኔ ጆሮ፣ የማይሳሳተው ጆሮ፣ አባቷ ወንበር ሲጎትቱ ሰማ። «ተቀመጥ» አሉት። «ቅባት አለው፣ ሸሚዝህን ያበላሸዋል።»

«ይበላሽ።»

የታረቀኝ ድምፅ ዝቅ አለ። «እሷ... የለችም?»

ኬኔ ፊቴን ልታጠብ፣ ሻሽ ልቀይር፣ በጓሮ ልዙር፣ ወይስ እዚሁ ልሙት እያለች ስታወጣ ስታወርድ የአዴ ድርቤ ድምፅ ከጓዳ መጣ፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ተደርጎ።

«አንቺ ኬኔ! ከዚያ ላሜራ ጀርባ ውጪና እንግዳውን ሰላም በይ! እግርሽ እኮ ከታች ይታያል!»

ኬኔ ወደ ታች አየች። እውነት ነው፣ ሁለት እግር፣ ሁለት የተለያየ ነጠላ ጫማ። ከላሜራው ማዶ መጀመሪያ አባቷ ሳቁ፤ ቀጥሎ፣ አፍኖ አፍኖ ያቃተው፣ እሱ።

ወጣች።